ኮምፒውተር በጂዛን ሙቀትና ጨው ውስጥ

ኮምፒውተር ሲበላሽ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ የሚሆነው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ፕሮሰሰርና ራም የሚንቀሳቀስ አካል የላቸውም፤ ከልክ በላይ ካልሞቁ ለብዙ ዓመታት ያገለግላሉ። ቀድመው የሚደክሙት ኤሌክትሪኩን የሚቀበለው ፓወር ሰፕላይ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱት ካፓሲተሮች፣ ፋኑና ሃርድ ዲስኩ ናቸው። ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የፕሮሰሰሩ ስምና የራሙ መጠን ስለሆነ፣ ርካሽ ኮምፒውተር የሚሠራ ፋብሪካ ወጪ የሚቀንሰው ገዢ በማይጠይቅባቸው በነዚሁ ክፍሎች ላይ ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ይህ ቁጠባ ቶሎ ይጋለጣል። ጂዛን በቀይ ባሕር ዳር፣ ከሥሯ የጨው ጉልላት ባለበት መሬት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን ዓመታዊ አማካይ ሙቀቷ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። በየመን ድንበር አቅጣጫ ያሉት ሳምጣና ጡዋልም በዚያው በሞቃቱ የቲሃማ ሜዳ ላይ ናቸው፤ አየሩ የሚቀዘቅዘው ወደ ፈይፋ ተራራ ሲወጣ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ደግሞ የአገሬው ሰው ጉብራ የሚለው አቧራማ ነፋስ ይነሣል።

ሙቀቱ መጀመሪያ የሚጎዳው ካፓሲተሩን ነው። በተለመደው ሲሊንደር መሰል ካፓሲተር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይደርቃል። ጎኑ ላይ 85 ወይም 105 ዲግሪ የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ የሚችለው ከፍተኛ ሙቀት ማለት ነው። ባለሙያዎች በሚሠሩበት ስሌት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ይረዝማል። ሁለቱም ካፓሲተሮች በጣሪያቸው ሙቀት 2,000 ሰዓት የሚሠሩ ቢሆኑና የፓወር ሰፕላዩ ውስጥ 65 ዲግሪ ቢሆን፣ ባለ 85ቱ 8,000 ሰዓት፣ ባለ 105ቱ 32,000 ሰዓት ይቆያል። ሌት ተቀን ለሚሠራ ማሽን የመጀመሪያው ዓመት አይሞላም፤ ሁለተኛው ከሦስት ዓመት ተኩል ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጫፉ ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያንጠባጠበ ካፓሲተር ያለበት ቦርድ፣ ገና ቢሠራም መግዛት አያስፈልግም።

ጨው የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የገበታ ጨው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ውሃ ከአየር ስቦ ይሟሟል፤ በባሕር ጨው ውስጥ ያለው ማግኒዚየም ክሎራይድ ደግሞ ከዚያ እጅግ ባነሰ እርጥበት። ፋኑ ስቦ ያስገባው አቧራና ጨው ቦርዱ ላይ ተኝቶ ሲረጥብ፣ በሁለት ቀጫጭን የብረት እግሮች መካከል ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ይሆናል። የዩኤስቢ መሰኪያው ውስጥ አረንጓዴ ነገር ከታየ መዳቡ መበላት ጀምሯል ማለት ነው።

ኤሲ ያለበት ክፍል ለኮምፒውተር ደግ ነው፤ አየሩን ያቀዘቅዛል፣ ያደርቃልም። አደጋው ከክፍሉ ሲወጣ ነው። በሐምሌ ሌሊት ከቀዝቃዛ ቤት የወጣ ሰው መነጽሩ ወዲያው ጉም እንደሚለብስ ሁሉ፣ ላፕቶፑም ውስጡ ያልበዋል። እንደተዘጋ ቦርሳው ውስጥ ቆይቶ የውጪውን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ አለመክፈት በቂ መድኃኒት ነው።

ፓወር ሰፕላይ ሲመረጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኤይቲ ፕላስ የተባለው ምልክት ይረዳል። ምልክቱ የሚናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ብክነት እንጂ ስለ ዕድሜ አይደለም፤ ሆኖም ብክነቱ ያነሰ መሣሪያ የሚሞቀውም ያነሰ ነው። ስለ ዕድሜ የተሻለው ምስክር አምራቹ የሚሰጠው የዋስትና ዘመን ነው፤ ለ7 ወይም ለ10 ዓመት ዋስትና የሚሰጥ ፋብሪካ ደካማ ካፓሲተር አይከትም። የቮልቴጁ ነገርም መታየት አለበት። በሳዑዲ አሮጌ ቤቶች 127 ቮልት ሲገኝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 230 ቮልት ለመሸጋገር ወስኗል፤ ድግግሞሹ 60 ኸርዝ ነው። የኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ ከ50 እስከ 60 ኸርዝ የሚል የተጻፈበት በሁለቱም አገር ይሠራል። 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ግን 115 ላይ እንዳለ አዲስ አበባ ቢሰካ ይፈነዳል።

ስለ ሃርድ ዲስክ የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን አጥንተው ያሳተሙት ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል፤ ሙቀት እንደሚታሰበው ያህል ዲስክ አይገድልም። በፍተሻ የመጀመሪያ ስሕተት የታየበት ዲስክ ግን በ60 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ ስሕተት ካልታየበት በ39 እጥፍ ይበልጣል። ኤስኤስዲም ቢሆን ብዙ ከተጻፈበት በኋላ ያለ ኤሌክትሪክ በሞቃት ቤት ለወራት ቢቀመጥ መረጃ ሊያጣ ይችላል።

ከጂዛን ኮምፒውተር ገዝታችሁ ወደ አገር ቤት የምትልኩ፣ ካርጎ ከማስገባታችሁ በፊት የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ አንብቡ፣ መሰኪያዎቹን በባትሪ ብርሃን እዩ፣ ያገለገለ ከሆነም ዲስኩን አስፈትሹ፤ የሱቅ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ ባሕር አይሻገርም።