የሚናደፍ ድምፅ ፊዚክስ

ለዶክትሬት ትምህርት በጀርመን አገር በነበርንበት ጊዜ፣ ሙዚቃ ወዳድ የሆነ አንድ ባልደረባችን ሲንተሳይዘሩን ተሸክሞ ወደ ቤተ ሙከራችን መጣ። የሠራውን ድምፅ በኦሲሎስኮፕ መስኮት ላይ ለማየት ፈልጎ ነበር። ድምፁ እንደ ተርብ የሚናደፍ ስለነበር እንዲቀንሰው ለመንነው፤ ቀነሰውም። ድምፁ አነሰ እንጂ አልለዘበም። በሹክሹክታ መጠን እንኳ ይናደፍ ነበር። የድምፅ ቁጣና የድምፅ ጉልበት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በሚገባ የተረዳነው ያን ዕለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ቁጣው ከየት እንደሚመጣ ለመመርመር እንሞክራለን።

ባልደረባችን ይሠራው የነበረው ሙዚቃ ሳይኬደሊክ ትራንስ ይባላል። መነሻው በሕንድ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኘው ጎዋ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከሌሎች አገሮች የሄዱ ወጣት መንገደኞች በአንጁና ባሕር ዳርቻ ሌሊቱን ሲጨፍሩ ያደሩበት ሙዚቃ ነው። እንግሊዛዊው ሳይመን ፖስፎርድ ሃሉሲኖጀን በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው «ትዊስትድ» እና የሃይፋዎቹ ኢንፌክትድ መሽሩም እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት «ዘ ጋዘሪንግ» ከታወቁት ሥራዎች መካከል ናቸው። ከበሮውና ባሱ ከታች ሲረግጡ፣ ከላይ ሆኖ በዘፋኝ ፋንታ የሚመራው ሹል ድምፅ «ሊድ» ይባላል።

የሊድ ቅድመ አያት ከተፈለገ፣ የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበው ቲቢ 303 የተባለ ትንሽ መሣሪያ ይገኛል። የተሠራው ባስ ተጫዋች ለሌላቸው ጊታሪስቶች ማጀቢያ እንዲሆን ነበር፤ ድምፁ ባስ ጊታር ስላልመሰለ ገበያው አልቀናውም። የቺካጎ ወጣቶች ግን አሮጌውን በርካሽ እየገዙ፣ ዜማው እየተጫወተ ሳለ የማጣሪያውን ቁልፍ ማዞር ጀመሩ። ፊውቸር የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው «አሲድ ትራክስ» ከዚህ ጨዋታ የተገኘ ነው።

እንግዲህ ወደ ፊዚክሱ እንምጣ። የአብዛኛው ሊድ ጥሬ ዕቃ በኦሲሎስኮፕ ሲታይ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ሞገድ ነው፤ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ በድንገት ይወድቃል። ይህ ሞገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የመሲንቆ ደጋን ክሩን ይዞ ይጎትተዋል፣ ክሩ ያመልጠዋል፣ እንደገና ይይዘዋል፤ ይህም በእያንዳንዱ እርግብግቢት አንድ ጊዜ ይደገማል። ክሩን ከቆዳው በላይ በምትደግፈው ትንሽ እንጨት ላይ የሚያርፈው ኃይልም ወደ መጋዝ ጥርስ የቀረበ ቅርጽ አለው። ፉርየ እንዳስተማረን፣ ይህ ሞገድ የመሠረታዊው ድግግሞሽ ሙሉ ብዜቶች ማለትም የሃርሞኒኮች ድምር ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ግማሽ፣ ሦስተኛው ሲሶውን፣ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ መሠረቱ 110 ኸርዝ ከሆነ 27ኛው ሃርሞኒክ በ2,970 ኸርዝ ላይ ይገኛል፤ መጠኑ ግን ከመሠረቱ 27 እጅ ያነሰ ነው።

ይህን ደካማ ሃርሞኒክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰው የጆሮ ቦይ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አንድ ጫፉ በጆሮ ታምቡር የተዘጋ ቱቦ ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ ከርዝመቱ አራት እጥፍ የሞገድ ርዝመት ላለው ድምፅ ያስተጋባል። የድምፅን ፍጥነት 343 ሜትር በሴኮንድ አድርገን ለ10 ሴንቲ ሜትር ብናካፍል ወደ 3,400 ኸርዝ እናገኛለን። ከእያንዳንዳችን ጭንቅላት ጎንና ጎን፣ በዚህ አካባቢ ያለውን ድምፅ የሚያጎላ ቱቦ ተተክሏል ማለት ነው።

የሲንተሳይዘሩ ማጣሪያ ዒላማ የሚያደርገው ይህንኑ አካባቢ ነው። ማጣሪያው ከተወሰነ ድግግሞሽ በላይ ያሉትን ሃርሞኒኮች ያዳክማል። ከሚወጣው ድምፅ ጥቂቱ ተመልሶ ወደ መግቢያው ሲላክ ግን፣ በመቁረጫው ድግግሞሽ ላይ ተመላሹና አዲሱ እኩል ይገጥማሉ፤ ዥዋዥዌን በትክክለኛው ቅጽበት እንደሚገፋ እጅ ማለት ነው። ይህ ሬዞናንስ ነው። ቁልፉ እየዞረ መቁረጫው ሲንቀሳቀስ ሃርሞኒኮቹ በየተራ ከሕዝቡ መካከል ብድግ ይላሉ። አፋችን አናባቢዎችን ሲቀያይር የሚሠራውም ተመሳሳይ ሥራ ስለሆነ፣ አድማጩ አንድ ፍጡር የሚናገር ይመስለዋል። በእኛ ግምት የዚህ ሙዚቃ ምትሃት ከግማሽ በላይ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

ሻካራነቱስ? ሁለት የመጋዝ ጥርስ ሞገዶችን አንዱን በ440፣ ሌላውን በ443 ኸርዝ ብናጫውት፣ መሠረቶቹ በሴኮንድ 3 ጊዜ እየጎሉና እየደከሙ ይወዛወዛሉ። አሥረኛ ሃርሞኒኮቻቸው ግን 4,400 እና 4,430 ስለሆኑ ውዝዋዜው 30 ይደርሳል። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ እንዲህ ያለውን ፈጣን ውዝዋዜ ጆሮ ለመቁጠር ስለማይችል ሻካራ ድምፅ አድርጎ ይሰማዋል። አንድ ትንሽ ልዩነት ከታች ዝግ ያለ ማዕበል፣ ከላይ ሞረድ ይሆናል።

በመጨረሻ ማዛባት ይመጣል፤ የሞገዱ ጫፍ ሲጨፈለቅ አዳዲስ ሃርሞኒኮች ይወለዳሉ። ጀማሪዎች ሲሳሳቱ ያየነው በቅደም ተከተሉ ነው። ከማጣሪያው በኋላ ከተዛባ፣ በ2,970 ኸርዝ ላይ ያለው ጉብታ በ8,910 ላይ ሌላ ጉብታ ሊወልድ ይችላል። ከማጣሪያው በፊት ከተዛባ ደግሞ ማጣሪያው አዲሶቹን መልሶ ስለሚያጠፋቸው ድምፁ ይለዝባል። ሁለት ኖታ በአንድነት ማዛባትም አደገኛ ነው፤ ከ440ና ከ554 ኸርዝ ማንም ያልተጫወተው 326 ኸርዝ ይፈጠራል። ሊድ አብዛኛውን ጊዜ ነጠላ ኖታ የሚሆነው ለዚህ ይመስለናል። ፍጥነቱም የራሱን ግዴታ ይጥላል። በደቂቃ 145 ምት በሚመታ ሙዚቃ የምቱ ሩብ 0.103 ሴኮንድ ብቻ ስለሆነ፣ ማጣሪያው በዚያች ቅጽበት ተከፍቶ መዘጋት አለበት።

አሁን ወደ ጉልበት እንመለስ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም የሚመክረው ገደብ ለ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። በጩኸት የሚጎዳ ጆሮ በአብዛኛው አስቀድሞ የሚደክመውም በ4,000 ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም ሊዱ በሚናደፍበት ሠፈር ነው። «ስ»፣ «ሽ» እና «ፍ»ን የምንለይባቸው ድምፆችም በዚያው ዙሪያና ከዚያ በላይ ይገኛሉ።

ባልደረባችን አንድ ሌሊት ጋብዞን ከድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት ሦስት ሰዓት ያህል ቆመን ነበር። ጆሯችን ሁለት ቀን ሙሉ ጮኸ። ከዓመታት በኋላ ባደረግነው ምርመራ የግራ ጆሯችን መስመር በ4,000 ኸርዝ ላይ ጎድጎድ ብሎ ተገኘ። ያ ሌሊት ብቻውን ያመጣው ነው ለማለት አንደፍርም። ባልደረባችን ግን አሁን ሊድ ሲሠራ ማጉያውን ከተራ ጭውውት መጠን አያሳልፈውም፤ በዚያ መጠን ካልተናደፈለት ተመልሶ ማጣሪያውን ያዞራል።