ዋስሽ ማን ነው?

«እትዬ፣ ዛሬ ብሞት የት እንደምሄድ እርግጠኛ አይደለሁም።»

ይህን ያለችኝ እህት ጌታን ከተቀበለች ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ተጠምቃለች፣ በመዘምራን አገልግላለች፣ የቤት ለቤት ኅብረት ትመራለች። ሆኖም በየዓመቱ በኮንፈረንስ ላይ «ሕይወቱን ለጌታ የሚሰጥ እጁን ያንሳ» ሲባል፣ ዓይኗን ጨፍና እጇን ታነሳለች። ይህን ባለቤቷ እንኳ አያውቅም ነበር።

የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። ቀኑ ሲቃረብ እንቅልፍ አጣች፤ ሌሊት ሌሊት ተነሥታ ታለቅሳለች። ባሏ ግራ ገብቶት ወደ እኛ መጣ። እኔና ባለቤቴ ቢሮ ውስጥ ከምናነጋግራቸው ብለን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ይዘናቸው ወጣን። በቢሮ ወንበር ላይ አንገታቸውን የሚደፉ ባልና ሚስት፣ ጎን ለጎን ሲራመዱ የልባቸውን እንደሚያወጡ በአገልግሎታችን ዘመን ብዙ ጊዜ አይተናል።

ማዕከሉ 705 ሄክታር ስፋት አለው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን፣ በጉለሌና በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተሞች ላይ ተዘርግቷል። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ እነዚህን ተራሮች የወረሰው ባሕር ዛፍ ነበር፤ አሁን በቦታው ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ሌሎችም አገር በቀል ዛፎች እየተተኩ ነው።

ወደ ችግኞቹ ስንደርስ ከቤተሰቡ ጋር የመጣ አንድ ሕፃን ችግኝ ነቅሎ ሥሩን ሲመለከት ሠራተኛው ደረሰበት። አልጮኸበትም። «ጸድቆ እንደሆነ ለማየት በየቀኑ ከነቀልከው መቼም አይጸድቅም» ብሎ ተቀበለውና መልሶ ቀበረው።

እህታችን ቆመች። ምን እንደነካት ወዲያው ገባኝ። በቋንቋችን ችግኝም ይጸድቃል፣ ሰውም ይጸድቃል። ጳውሎስ በሮሜ 5፡1 ስለ መጽደቅ ሲናገር የሚናገረው ስላለቀ ነገር ነው፤ ሰላም የሚመጣውም ከዚያ በኋላ ነው። እርሷ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሷን ስትነቅልና ስትተክል ኖራለች።

«ታዲያ እርግጠኛ ነኝ ማለት ትዕቢት አይሆንም?» አለችኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችን ነው። «ድነሃል ወይ?» ስንባል «እንግዲህ እሱ ያውቃል» እንላለን። ትሕትና ይመስላል። ሐዋርያው ዮሐንስ ግን የመጀመሪያ መልእክቱን የጻፈው በእግዚአብሔር ልጅ ስም ያመኑት የዘላለም ሕይወት እንዳላቸው እንዲያውቁ መሆኑን ይናገራል (1ዮሐ. 5፡13)። እግዚአብሔር እንድናውቀው ያስጻፈውን «እሱ ያውቃል» ብሎ መመለስ ለእኔ ትሕትና አይደለም።

እህታችን በሥራዋ ገንዘብ ያዥ ናት። አንድ ነገር ልጠይቃት አሰብኩ።

«ሥራ ስትቀጠሪ ዋስ አላስጠሩሽም?»

«አስጠርተውኛል። አጎቴ ነው የሆነልኝ።»

«የማንን ደመወዝ ጠየቁ?»

«የእሱን።»

«ብታጎድይስ?»

«ከእሱ ይጠይቃሉ» አለችና ዝም አለች። ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

በዕብራውያን 7፡22 ኢየሱስ የተሻለው ኪዳን ዋስ ተብሏል። ዋስ ስንጠራ የሚመረመረው የዋሱ አቅም ነው። እርሷ ግን በየሌሊቱ የራሷን ደመወዝ ስትቆጥር ታድራለች፤ ጸሎቴ በቂ ነው? ንስሐዬ እውነተኛ ነበር? ያለቀስኩት ከልቤ ነው? መቼም ሞልቶ የማያድር ሂሳብ ነው። ያጎደልነውን ደግሞ ዋሳችን በመስቀል ላይ ተጠይቆ ከፍሎታል።

ባሏ እንደ ሒሳብ ሠራተኛነቱ ወዲያው ጠየቀ፦ «ዋስ አለኝ ብሎ እንደ ልቡ የሚኖርስ?» እኔ ሳልመልስ ሚስቱ መለሰችለት። «እኔ እኮ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ ጭንቀቴ አጎቴን እንዳላሳፍረው ነው።» ከዚህ የተሻለ መልስ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅም አልሰማሁም። አማኝ ከጸጋ ሊወድቅ ይችላል ወይ በሚለው ላይ አብያተ ክርስቲያናቶቻችን አንድ ዓይነት እንደማያስተምሩ አውቃለሁ፤ የዕብራውያን 6 ማስጠንቀቂያም ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ጌታን ላለማሳዘን የምትፈራን ነፍስ በዚያ ምዕራፍ ማስፈራራት ጅራፉን ለተሳሳተ ሰው ማንሣት ነው።

ከፍ ወዳለው ቦታ ስንወጣ ከተማዋ ከታች ተዘርግታ ታየች። ባለቤቴ በእጁ ወደ ኡራኤል አቅጣጫ አመለከተና የቄስ ጉዲና ቱምሳን ነገር አነሣ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና በደርግ ዘመን ደጋግመው ታስረዋል። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ሲያመቻቹላቸው 2ቆሮ. 5፡15ን ጠቅሰው ሕዝባቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን ጥለው እንደማይሄዱ ተናገሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ኡራኤል አካባቢ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አስክሬናቸው ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።

እኔ ሁልጊዜ የማስበው ስለ ባለቤታቸው ስለ ወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳ ነው። ባላቸው የት እንደወደቁ ሳያውቁ እርሳቸውም ያለ ፍርድ ለዐሥር ዓመት ያህል ታሰሩ፤ ተገረፉ። እንግዲህ የዘላለም ዋስትና ማለት እስር አይነካንም፣ ሕመም አይነካንም ማለት ቢሆን ኖሮ እኚህ እናት ምን ሊሉ ነው? ጌታ በዮሐንስ 10፡28-29 የሰጠን ተስፋ ማንም ከእጁ እንደማይነጥቀን ነው። ተኩላ አይመጣም አላለም፤ እንዲያውም በዚያው ምዕራፍ ስለ ተኩላ ይናገራል።

እህታችን ይህን ስትሰማ «ቀዶ ጥገናው ይሳካል ብለሽ አልነገርሽኝም» አለችኝ። አዎን፣ አልነገርኳትም። እንድትድን እንጸልያለን፤ እግዚአብሔር ይፈውሳል ብለንም እናምናለን። የማላውቀውን ግን እንደማውቅ አድርጌ መንገር አልፈለግሁም።

በማግስቱ እሑድ ሰባኪው ጥሪ አደረገ። እውነቱን ለመናገር ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ወደ እርሷ ነበር የማየው። እጇ ጭኗ ላይ ነበር፤ ባሏ ይዞታል። ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ገባች። እጢው ወጥቶላታል፤ ይህን ስጽፍ የምርመራው ውጤት ገና አልመጣም። ባሏ ግን ሌሊት መተኛት እንደጀመረች ነግሮኛል።