የክረምት መውጫ ጎመንና የብስባሽ ዝግጅት

ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በመተከልና በኢሉባቦር እንደታየው፣ አዲስ ሰፋሪ የመጀመሪያውን ክረምት የሚያልፈው በዕርዳታ እህል ነው። በነሐሴ የተዘራ ጎመን ግን በሁለት ወር ገደማ፣ የኅዳር አዝመራ ሳይሰበሰብ፣ ለገበታ ይደርሳል።

ኩበት ለማገዶ በዋለ ቁጥር አፈሩ ኃይሉን ያጣል። ስለሆነም ለምለም አረምና እርጥበት ሳይጠፋ ብስባሽ መከመር ይገባል። ጥላ ባለበት፣ ውኃ በማይተኛበት ሥፍራ ጭራሮ ይነጠፋል፤ በላዩም ገለባ፣ ፍሬ ያልያዘ አረም፣ እበትና ስስ አፈር እስከ 1 ሜትር ከፍታ ይደራረባል። በመካከሉ የተሰካው ዘንግ ሲመዘዝ ሞቆ ከተገኘ ብስበሳው ተጀምሯል፤ ደረቅ ከሆነ ውኃ ይሻል። በየወሩ እየተገላበጠ ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ይደርሳል።

ዘር የሚያድሉ ሠራተኞች የመጀመሪያውን ክምር ከቤተሰቡ ጋር ቢሠሩ ይመረጣል። ሥራው ወደ በጋ ከተላለፈ የክምሩ ውኃ ከወንዝ የሚቀዳ በመሆኑ፣ ሸክሙ በእናቶች ጀርባ ላይ ይወድቃል።