የሙሉ ቁጥሮች አካፋዮች፣ ብዜቶችና ብቸኛ ቁጥሮች አቀራረብ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ወረታና በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በሩዝ ምርታቸው የታወቁ ናቸው። በዚያ የሚማር ልጅ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም መሆኑን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤቱ ነው። ኩንታሉ በሙሉ ኪሎ ለ2፣ ለ4 ወይም ለ5 ቤተሰብ ያለ ቀሪ ይከፈላል፤ ለ3 ሲካፈል ግን ለእያንዳንዱ 33 ደርሶ 1 ኪሎ ይተርፋል። ስለ አካፋይ የሚሰጠው ትምህርት ከዚህች አንድ ኪሎ ቢነሣ ተማሪው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ትምህርቱ የሚጀመረው ከትርጓሜ ነው።

ለማስተማሪያነት እፍኝ ሽምብራ ይበቃል። (በፎገራ ጥቁር አፈር ላይ ጠጠር ከመፈለግ ሽምብራ ወይም ጓያ ማግኘት ይቀላል።) ተማሪዎች 12 ፍሬ ቆጥረው በእኩል ረድፎች ሲደረድሩ 1 በ12፣ 2 በ6፣ 3 በ4 ያገኛሉ። ቀጥሎ የሚመጣው 4 በ3 የቀደመው ድርድር ተገልብጦ ነው። 13 ፍሬ ሲሰጣቸው ግን ከአንድ ረጅም ረድፍ በቀር ሌላ ድርድር አይገኝም። 13 ብቸኛ ቁጥር ነው መባሉ ትርጉም የሚኖረው ከዚህ ሙከራ በኋላ ነው። ብቸኛ ቁጥር በትክክል ሁለት አካፋዮች፣ ይኸውም 1 እና ራሱ፣ ሊኖሩት ይገባል፤ 1 ግን ያለው አካፋይ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ብቸኛ ቁጥር አይባልም።

ከድርድሩ የሚገኘው ዋና ቁም ነገር አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው መምጣታቸው ነው። አንደኛው ሲያድግ ሌላው ያንሳል። 133ን እንውሰድ። 12 በ12 ሲባዛ 144 ስለሚሆንና ይህም ከ133 ስለሚበልጥ፣ ከጥንዱ ትንሹ አካፋይ የግድ ከ12 ያንሳል። ስለዚህ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7 እና በ11 መሞከር ብቻ ይበቃል። በ2 ያልተካፈለ በ4 ወይም በ6፣ በ3 ያልተካፈለም በ9 አይካፈልምና በእነዚህ መድከም አያስፈልግም።

የ133 መጨረሻ 3 ነው፤ የአኃዞቹም ድምር 7 ነው። የ2ን፣ የ3ንና የ5ን ምልክቶች ብቻ በቃሉ የያዘ ተማሪ እዚህ ላይ አቁሞ «ብቸኛ ነው» ይላል። ነገር ግን 7 በ19 ሲባዛ 133 ነው። ጥፋቱ በከፊል የመልመጃዎች አመራረጥ ነው። ከ49 በታች ያለ ተተንታኝ ቁጥር ሁሉ በ2፣ በ3 ወይም በ5 ይካፈላል። እንግዲህ 15፣ 21፣ 27ና 35 ብቻ በተደረደሩበት መልመጃ ጎደሎው ዘዴ ሙሉ ማርክ ያስገኛል፤ መምህሩም ጉድለቱን የሚያይበት መንገድ የለውም። የመጻሕፍት አዘጋጆች 49ን፣ 77ን፣ 91ንና 119ን ሊጨምሩ ይገባል። በአንጻሩ እንደ 127 ያለውም መኖር አለበት፤ በአምስቱም ቁጥሮች ተሞክሮ ቀሪ ስለሚተው ብቸኛነቱ ይረጋገጣል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ኤራቶስቴነስ ብቸኛ ቁጥሮችን የለየበት ዘዴ ወንፊት ይባላል። ከ2 እስከ 100 ተጽፎ፣ 2፣ 3፣ 5ና 7 ራሳቸው ቀርተው ሌሎቹ ብዜቶቻቸው ሲሰረዙ 25 ብቸኛ ቁጥሮች ይቀራሉ።

የጋራ ብዜትን ለማስረዳት ከባሕረ ሐሳብ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የሳምንቱ ዕለታት 7፣ የወንጌላውያን ዘመናት 4፣ የአበቅቴ ዐውድ 19 ናቸው። 4 እና 7 በ28 ዓመት ይገናኛሉ፤ ይህም ዐውደ ፀሐይ ነው። 4 እና 19 በ76 ይገናኛሉ፤ ይህም ማዕከላዊ ቀመር ነው። ሦስቱም በአንድነት የሚገጥሙት በ532 ዓመት፣ በዐቢይ ቀመር ነው። ሊቃውንቱ ሦስቱን ቁጥሮች ማባዛታቸው ትክክል የሆነው ከ1 በቀር ማናቸውም ጥንድ የጋራ አካፋይ ስለሌለው ነው። 4 እና 6 ግን 2ን ስለሚጋሩ መጀመሪያ የሚገናኙት በ24 ሳይሆን በ12 ነው። ይህ ልዩነት በክፍል ውስጥ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

ለፈተና 221 እና 223 አብረው ቢቀርቡ መልካም ነው። 15 በ15 ሲባዛ 225 ስለሚሆን ለሁለቱም ሙከራው በ13 ያበቃል። በ11 ላይ ያቆመ ተማሪ ሁለቱንም ብቸኛ ይላቸዋል፤ እስከ 13 የዘለቀው ግን 221 የ13 እና የ17 ብዜት መሆኑን፣ 223 ደግሞ 2 እንደሚተርፈው ያያል።