ክንድ የማይሞሉት የዓባይ ምንጭ ሰዎች

ባሕር ዳር ፊዚክስ ሳስተምር፣ መጠንና ክብደት ላይ ስንደርስ ከአርስቶትል እጀምራለሁ። ከ2,300 ዓመት በፊት ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ፣ ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ግራጫ ወፎች ከሰሜን ተነሥተው ዓባይ ወደሚመነጭበት ረግረግ እንደሚወርዱ፣ እዚያም ፈረሳቸው ጭምር ያነሰ ድንክዬ ሰዎች በዋሻ እንደሚኖሩ ይናገራል። ከእሱ በፊት ሆሜር ወፎቹንና ሰዎቹን አዋግቷቸዋል። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።

«አትሳቁ፣ ግማሹ እውነት ነው» እላቸዋለሁ። አርስቶትል ጣና ሐይቅን በስም አልጠራም። ወፎቹ ግን ክረምቱ ሲወጣ በእርግጥ ከአውሮፓና ከሩሲያ እየበረሩ ፎገራ ሜዳ ይመጣሉ። ሌሊቱን ሸሸርና ወላላ ረግረግ ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ቀን ማሳ ለማሳ እህል ይለቅማሉ። ሽምብራውን የሚጠብቅ ገበሬ ስለነሱ የሚለውን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

ሰዎቹን ደግሞ እናስላቸው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ሰው በ5 እጅ ቢያጥር 34 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ክብደቱ ግን በ5 ብቻ አይቀንስም፤ ቁመቱም ጎኑም ውፍረቱም አብረው ስለሚያንሱ በ125 ነው። ጋሊሊዮ ይህን በ1638 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ሰውየው 560 ግራም ቀረ ማለት ነው። ወፏ 5 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፣ ስትቆም ከ1 ሜትር ትበልጣለች። ጦርነቱ ማለዳ ተጀምሮ ቁርስ ሳይደርስ ያልቃል።

ተማሪዎቼ ግን የሚያነሡብኝ «አንት-ማን» የሚባለውን ፊልም ነው። በፊልሙ ሰውየው የሚያንሰው በአተሞቹ መካከል ያለው ቦታ ተጨምቆ ነው። እንዲያ ከሆነ 70 ኪሎው የትም አልሄደም፤ ታዲያ ጉንዳን ላይ ተቀምጦ የሚበረው እንዴት ነው? ይህችን ጥያቄ ያነሣችው ከኋላ ወንበር የማትናገር ልጅ ናት።

አተሙን እንቀንስለት ካልን ደግሞ አንጎሉ ይከፍላል። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋስ አለው። ሰውየው በ100 እጅ አጥሮ 1.7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 86 ሺህ ብቻ ይተርፈዋል። ንብ እንኳ ወደ 1 ሚሊዮን አላት!

ከዛፍ ቢወድቅ አይጎዳም፤ አየሩ ይይዘዋል። የሚያጠፋው ውኃ ነው። ዋና ጨርሶ ከጣና የሚወጣ ሰው ቆዳው ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይዞ ይወጣል ብንል፣ ለእኛ 1 ኪሎ አይሞላም። የውኃው ስስነት ግን ከሰውየው ጋር አያንስም። ትንሹ ሰው 70 ሚሊ ግራም ሆኖ 90 ሚሊ ግራም ውኃ ይሸከማል፤ ከዳር ሳይደርስ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ሐይቁ ላይ የሚራመዱት ነፍሳት እግራቸው ውኃ በማያስጠጋ ጥቃቅን ፀጉር የተሸፈነው ለዚህ ነው።