አደይ ነው ወይስ ኑግ?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ የሚወስደውን አስፋልት ይዘው አማኑኤል ሊደርሱ ሲሉ፣ በመስከረም ማገባደጃ፣ ግራና ቀኙ ቢጫ ነው። ከመኪና ወርጄ «እንዴት ያለ አደይ ነው!» ብል ከብት የሚያግድ ልጅ ሳቀብኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ይሄማ ኑግ ነው። አደዩ ያ ድንበሩ ላይ ያለው ነው።»

እውነቱን ነው። ለነገሩ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ። ቤተሰቡ ደግሞ ዓይን ያታልላል። አንድ አደይ ቀጥፈው በጥፍርዎ ይፈልቅቁት። ዙሪያውን የተደረደሩት ቢጫ ምላሶች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበባ ናቸው፤ መሃል ላይ የታጨቁት፣ ከስንጥር ጫፍ የማይበልጡትም እንዲሁ። በእጅዎ የያዙት አንድ አበባ ሳይሆን ጉባኤ ነው! የአደይ ምላሶች መካን ናቸው፤ ሥራቸው ንብ መጥራት ብቻ ነው፣ ፍሬው ከመሃሉ ይመጣል። የኑግ ምላሶች ግን ሴቴ ናቸው፣ ዘር ይይዛሉ።

ኑግ በራሱ ብናኝ አያፈራም፤ ከሌላ ኑግ የመጣ ይፈልጋል። ያንን በዋናነት የምታመላልሰው ንብ ናት። ስለዚህ ከማሳው ዳር የተሰቀለ ቀፎ ለማሩ ብቻ ሳይሆን ለዘይቱም ይሠራል። ከብት ኑግ ስለማይወድ አንዳንድ ገበሬ የሌላ እህል ማሳ ዙሪያ እንደ አጥር ይዘራዋል፤ መንገደኛው የሚያየው ቢጫ ጥለትም አንዳንዴ ይኸው ነው።

ሆላንድ ያሉ ዘመዶቻችን በሚያዝያ ኪዩከንሆፍ ከሚባለው የአበባ መናፈሻ የቱሊፕ ፎቶ ሲልኩ «እኛ አገር ለምን አይተከልም?» የሚል አይጠፋም። እዚያ 32 ሄክታር ላይ፣ በየዓመቱ በመከር ወራት 7 ሚሊዮን ያህል ሽንኩርት መሰል ራሶች በእጅ ይተከላሉ። የቱሊፕ ራስ አፈር ውስጥ ሦስት ወር ገደማ ብርድ ካልጠገበ ግንዱን በወጉ አያወጣም። የጎጃም ደጋ ብርድ አያጣም፤ ግን የሌሊቱ ብርድ ረፋድ ላይ ይለቃል። የእኛ ክረምት የዝናብ እንጂ የበረዶ አይደለም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ብርድ የማያገኘው ኑግ የማበቢያ ጊዜውን በምን ያውቃል? በቀኑ ርዝመት። ሆላንድ ውስጥ የሰኔና የታኅሣሥ ቀን ልዩነት 9 ሰዓት ያህል ነው፤ አማኑኤል ላይ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እኛ ልብ የማንለውን ይህን ጥቂት ልዩነት ኑግ ይቆጥራል፦ በሰኔና በሐምሌ ተዘርቶ፣ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ያብባል።

አደይ ለማየት የሚመጣ ሰው ግን መስቀል ካለፈ አይዘገይ። ጥቅምት ሲገባ የቀረው ቢጫ አብዛኛው የኑግ ነው። ኅዳር ላይ ማር ሲቆረጥ ደግሞ የትኛው የአደይ፣ የትኛው የኑግ እንደሆነ ያ ልጅም ቢሆን የሚለየው አይመስለኝም።