ደም መላሹና ፍርዱ

በአንድ አሳዛኝ ተውኔት ውስጥ ዋናው ባለ ታሪክ አባቱን ወይም ወንድሙን የገደለበትን ሰው ገድሎ በመጨረሻው ራሱም ሲቀጣ፣ አንባቢው ሁለት ስሜት በአንድ ጊዜ ያድርበታል። በአንድ በኩል፣ «ነፍስ አጥፍቷልና ይገባዋል» ይላል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ለወደቀው ሰው አንጀቱ ይላወሳል። በማስተምርበት ዘመን ይህን ጉዳይ የድርሰት ርእስ አድርጌ በሰጠሁ ቁጥር ክፍሉ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ግማሹ ከሕግ፣ ግማሹ ከጀግናው ጎን ይቆማል። የሚያስገርመው ግን ሁለቱም ወገኖች የሚጽፉት አንድ ዐይነት ድርሰት መሆኑ ነው። አንዱ «ጨካኝ ነው»፣ ሌላው «ወንድ ነው» እያለ የሰውየውን ጠባይ ይመዝናል እንጂ ቅጣቱን የሚመዝን አይገኝም። ቅጣት ተገቢ መሆኑንና አለመሆኑን ለማወቅ ከጠባዩ አስቀድሞ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሰውየው ከመግደል ሌላ የሚያንኳኳው በር ነበረውን? የሚል ነው።

የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ስለ ቅኔ ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ፍጹም ደግ ሰው ያለ ጥፋቱ ሲወድቅ ብናይ እንሰቀቃለን፤ ፍጹም ክፉ ሰው ሲወድቅ ብናይ ደግሞ ፍርድ ተፈጸመ እንላለን እንጂ አናዝንለትም። የምናዝንለት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው፣ ከክፋት ሳይሆን ከስሕተት የተነሣ የሚወድቀው ሰው ነው። በደም መላሽ ታሪክ ውስጥ ይህ ስሕተት ሰውየው ከሚመሰገንበት ጠባይ የሚለይ አይደለም። አባቱን ባይወድ፣ ወገኑን ባያከብር፣ ውርደትን ባይጠየፍ ኖሮ ባልገደለም ነበር።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን «ሐምሌት» እንመልከት። አጎቱ ክላውዲዮስ ንጉሡን፣ ማለትም የሐምሌትን አባት፣ በመርዝ ገድሎ ዘውዱንም ንግሥቲቱንም ወርሷል። ሐምሌት ይህን ሲረዳ ወዴት ሄዶ ይክሰስ? የዳኞች ሁሉ የበላይ ንጉሡ ነው፤ ገዳዩም ያው ንጉሥ ነው። በሩ ዝግ ነው። ስለዚህ ክላውዲዮስን በመግደሉ ብቻ ሐምሌትን ሞት ይገባዋል የሚል አንባቢ፣ «በየትኛው ችሎት ይከሰስልህ ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አያገኝም። ነገር ግን ሐምሌት በመጀመሪያ የገደለው ክላውዲዮስን አይደለም። ከመጋረጃ ኋላ የተደበቀውን ሽማግሌ ፖሎኒየስን፣ ማንነቱን ሳያጣራ፣ በሰይፍ ወግቶ ገደለው። ፖሎኒየስ በአባቱ ደም የለበትም። በዚህም የተነሣ የሟቹ ልጅ ሌርቲስ በተራው ደም መላሽ ሆኖ በሐምሌት ላይ ተነሣ። ትናንት ደም ፈላጊ የነበረው ዛሬ ደም ተፈላጊ ሆነ ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የሐምሌት ዕዳ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚሞተውም በሌርቲስ በተመረዘ ሰይፍ መሆኑ ያለ ምክንያት አልተጻፈም።

አሁን ደግሞ ከመድረኩ ወርደን ወደ አገራችን እንመለስ። ቢቸናና ሞጣ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ የተዘረጋው ለም ደጋ በሁለቱም በኩል ወደ ዐባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከቢቸና በኩል ዐባይን የተሻገረ ወሎ፣ ከሞጣ በኩል የተሻገረ ደግሞ በጌምድር ይገባል። ይህን የመልክዐ ምድር ነገር ያነሣሁት ለፍርዱ ጉዳይ ስለሚጠቅም ነው። ነፍስ ያጠፋ ሰው በረሃ ወርዶ ወይም ወንዙን ተሻግሮ ከዳኛ እጅ ሊሰወር ይችል ነበር። ዳኛ ያልያዘውን ገዳይ የሟች ወገን ራሱ ሲፈልገው ይኖራል። ሕፃን ልጅ ትቶ የሞተ ሰው ደሙ ለልጁ ውርስ ሆኖ ይቈያል፤ በልቅሶ ላይ በሙሾ፣ በሠርግ ላይ በፉከራ ይነገረዋል፤ አድጎ ዝም ካለ ደግሞ በሰው ፊት ቀና ብሎ መሄድ ያፍራል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚባለው እንዲህ ባለው አገር ምሳሌ ብቻ ሳይሆን አስተዳደግም ነው።

የጥንቱም ሕግ ለዚህ አስተሳሰብ ሩቅ አልነበረም። በፍትሐ ነገሥትና በልማድ በሚፈረድበት ዘመን፣ ነፍስ ገዳይ ተይዞ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ቤተ ዘመድ ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ወይ የደም ካሳ ተቀብለው ይምሩታል፣ ወይ በገደለበት ዐይነት መሣሪያ ይገድሉታል። ፍርዱ የዳኛ፣ እጁ ግን የቤተ ዘመድ ነበር። ዘመናዊው የወንጀል ሕግ ሲመጣ ይህ ሥልጣን ጨርሶ ወደ መንግሥት ዞረ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ እሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም፣ ሰው መግደልን በሦስት ደረጃ ይከፍላሉ። በ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያን በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል፤ አንቀጽ 540 ተራውን ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ አንቀጽ 541 ደግሞ በድንገተኛ ቊጣና በከባድ ስሜት ግፊት የተፈጸመውን ግድያ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ያልፈዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ወንድሙ በፊቱ ሲገደል አይቶ እዚያው ገዳዩን የገደለ ሰው፣ ሕጉ ኀዘኑን ይረዳለታልና ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። ዐሥር ዓመት ጠብቆ፣ መንገድ አጥንቶ፣ አድብቶ የገደለ ሰው ግን አስቦና ተዘጋጅቶ ገድሏል ተብሎ ወደ ከባዱ አንቀጽ ይቀርባል። ልማዱ ነገሩን የሚያየው በተገላቢጦሽ ነው። በልማዱ ዐይን ዐሥር ዓመት የጠበቀው ሰው የጸና፣ አባቱን ያልረሳ፣ የታመነ ልጅ ነው። ያንኑ ዐሥር ዓመት ችሎቱ ማክበጃ፣ ዘፋኙ ማወደሻ ያደርገዋል። ደም መላሹ የአሳዛኝ ታሪክ ሰው የሚሆነው በዚህ መካከል ስለ ተያዘ ነው፤ ወደ ማናቸውም ቢያዘነብል በአንዱ ዘንድ ጥፋተኛ ነው።

ይሁን እንጂ የጎጃም ሰው ከመግደልና ከመዋረድ ሌላ መንገድ አያውቅም ማለት ስሕተት ይሆናል። ደም ማድረቅ የሚባል ሥርዐት አለ። የገዳዩ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ ካህናት መስቀል ይዘው በመካከል ይገባሉ፤ የሟች ወገን አንዴ ሁለቴ እምቢ ይላል፤ እምቢ ማለቱም የክብር ነውና ሽማግሌዎቹ አይቀየሙም፣ ደግመው ደጋግመው ይመጣሉ። በመጨረሻ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከሟች ቤተ ዘመድ ፊት ይወድቃል። ካሳው ይቈረጣል፤ ዳግመኛ ላይፈላለጉ ይማማላሉ፤ አልፎ አልፎም በሁለቱ ወገኖች መካከል ጋብቻ ይደረጋል። ለሟች ወገን ይህ ሥርዐት የሚሰጠው ነገር ከገንዘቡ ይበልጣል። ሳይገድል ክብሩ ይመለስለታል፤ ገዳዩ በአገር ፊት በእግሩ ሥር ወድቋልና ማንም «ደሙን ሸጠ» ሊለው አይችልም። በእርግጥ ዕርቁ የመንግሥትን ክስ አያስቀርም፤ ነፍስ ማጥፋት በሟች ቤተ ዘመድ ላይ ብቻ የተፈጸመ በደል አይደለምና። ሆኖም ገዳዩ ጥፋቱን አምኖ ከልቡ መጸጸቱ ለቅጣት ማቅለያ ይሆነዋል።

እንግዲህ ሽማግሌ እየተላከለት፣ ችሎትም እያለለት እነዚህን ሁለት በሮች ረግጦ ያለፈ ደም መላሽ፣ ብናዝንለትም ቅጣቱ ተገቢ ነው። ከሐምሌት ጋር አይነጻጸርም። ፍርዱ የሚያጠራጥረው ገዳዩ ራሱ ባለ ሥልጣን ሲሆን ነው። ለዚህ ደግሞ ከቢቸና የሚቀርብ ምሳሌ የለም ይሆን ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ገና ልጅ ሳለ አባቱ ዘለቀ ላቀው ከገዢ በተላከ ጦር ተገደለ። ያን ጊዜ ጎጃምን የሚገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ልጁ ወዴት ይጩኽ? ዳኛውን የሚሾመው ገዢው፣ ጦሩንም የላከው ገዢው ነው። በላይ አድጎ የአባቱን ደም እያሰበ መሸፈቱ ከዚህ የተነሣ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሐምሌት ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ታሪኩ ሼክስፒር ያላሰበውን መንገድ ያዘ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ የበላይ ጠመንጃ ከግል ደመኛ ወደ አገር ጠላት ዞረ። አምስቱን ዓመት በቢቸናና በአካባቢው፣ በዐባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ ለጠላት ሳይገዛ ተዋጋ። ከነጻነት በኋላ የደጃዝማችነት ማዕርግና የቢቸና ገዢነት ተሰጠው።

ቀጥሎ ያለው ክፍል መራራ ነው። በላይ ከሥራው ጋር ሲመዛዘን ሹመቱ አነሰኝ በማለትና ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ባለመስማማት በ1935 ዓ.ም. ገደማ ዐመፀ፤ ተከቦም እጁን ሰጠ። ሞት ተፈረደበት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡለት። ከዚያም ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ከእስር ቤት አመለጠ፤ እንደ ገና ተይዞ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአደባባይ ተሰቀለ። ወንድሙ እጅጉ ዘለቀና ልጅ ማሞም ተሰቀሉ።

ይህን ታሪክ ለድርሰት የሚመርጥ ተማሪ ሁለቱን ወገን በቅንነት ማቅረብ ይገባዋል። የተሰቀለው ስለ አባቱ ደም አይደለም፤ ስለ ዐመፅ ነው። ዐመፅን የማይቀጣ መንግሥት የለም። በተጨማሪም በሩ አንድ ጊዜ ተከፍቶለት ነበር፤ ምሕረቱ ከሞት አውጥቶታልና። በዚህ በኩል ሐምሌት ያላገኘውን ዕድል አግኝቶ አልተጠቀመበትም ለሚል ሰው፣ ቃሉ ፈጽሞ የሚጣል አይደለም። በሌላ በኩል ግን የተበደልሁ ባዩም፣ የመጨረሻውን ፍርድ አጽዳቂውም አንድ ዘውድ ነበር፤ አባቱ በሞተ ጊዜ ያጋጠመው ዝግ በር በልጁም ፊት እንደ ገና ቆመ።

ሚዛኑን የሚያከብደው ደግሞ ሌላው ሰው ነው። አባቱ በተገደለበት ዘመን ጎጃምን የገዙት ራስ ኃይሉ በጠላት ጊዜ ለጣሊያን አድረው ነበር። ከነጻነት በኋላ እሳቸው በቊም እስር ተወስነው ቈዩ እንጂ ገመድ አላዩም፤ የሞቱትም በተፈጥሮ ሞት ነው። ለጠላት ያደረው በቤቱ ተቀምጦ፣ ጠላትን የተዋጋው በአደባባይ ተሰቅሎ ሲታይ፣ ቅጣቱ ለብቻው ሲለካ ከሕግ ያልወጣ ቢመስልም፣ ከጎኑ ካለው ቅጣት ጋር ሲለካ ይጎድላል። እኔም ስቅላቱ ተገቢ አልነበረም የምለው በዚህ ምክንያት እንጂ ጀግና አይቀጣም ከማለት አይደለም። ከእኔ የሚለይ ተማሪ ቢኖር፣ ዐመፁን፣ ምሕረቱን፣ ማምለጡንና የራስ ኃይሉን ፍጻሜ አራቱንም በአንድ ገጽ ላይ አኑሮ ይከራከረኝ፤ አንዱን ደብቆ ግን አይጀምር።